የኔታ ያስተካከሉት ሰዓት

የደሴው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው ቀረን» እያለ ሲጮኽ፣ እኔ መካነ ሰላም ገበያው ጥግ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ዘው አልኩ። የጡረታ መታወቂያዬን ቅጂ ይዤ እንድመጣ ደሴ ያሉት የጡረታ ቢሮ ሰዎች ነግረውኝ ነበር። ረዳቱን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስም «አንድ ሰው ቀረን» ነበር የሚለው። ቢሆንም የመንገደኛ ልብ አይረጋምና እየተቻኮልኩ ነው። ቤቷን የያዘችው ልጅ ሹሩባ የተሠራች፣ ፊቷ የማይጠቁር ልጅ ናት። «እማማ፣ መብራት ገና አሁን መምጣቱ ነው፤ ኮምፒውተሯ ደግሞ አሮጊት ናት፣ ቶሎ አትነሣም። ትንሽ ይታገሡኝ» አለችኝ። አሮጊት የተባለችው ኮምፒውተሯ ብቻ መሆኗን በልቤ አረጋግጬ ደፉ ላይ ቆምኩ።

ከዚያ ሽታው መጣ። የቆየ ኮምፒውተር ሲነሣ ከኋላው በኩል የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አቧራ ሲሞቅ ነው፣ የተቆላ ሽንብራና አዲስ የፕላስቲክ ጫማ አንድ ላይ የተቀመጡበት ሱቅ ይመስላል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዝ ይሆናል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ደስ አለኝ፤ ሚኒባሱንም ለጊዜው ረሳሁት። ያ ሽታ የትምህርት ቤቱ የጽሕፈት ክፍል ሽታ ነው፤ ያ ሽታ የመምህር ሰይድና የየኔታ ልሳነወርቅ ሽታ ነው።

ያን ጊዜ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲም በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ ይህን ሳወራ የወንድሜ ልጆች ከዘመነ መሳፍንት የመጣሁ ይመስል ይስቁብኛል። አውቶቡስ ተራው ጥግ ካሴት ቤት ነበረች፤ ድምፅ ማጉያዋን ወደ መንገድ አዙራ ከጠዋት እስከ ማታ አምባሰልና ባቲ ስታንቆረቁር ትውላለች፣ እኔም ከሥራ ስወጣ እርምጃዬ ሳላውቀው በዜማው ይሄዳል። ከላይ ቢጫ ሹራብ፣ ከታች ሽንሽን ቀሚስ እለብስ ነበር፤ ሹራቧ ክርኗ ላይ ተበልታ እንኳ አልጣልኳትም። የጽሕፈት መኪናዬ ደግሞ ብረት የለበሰች ጉልበተኛ ነበረች። ፊደሉን አንዴ መትተሽ፣ ቅጥያውን ደግሞ ለብቻ መትተሽ ነው አንዲት «ሊ» የምትወጣው። በማባዣው ወረቀት፣ በስቴንስሉ ላይ ከተሳሳትሽ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸት ፈሳሽ ቀብተሽ፣ እፍ ብለሽ፣ እስኪደርቅ ጠብቀሽ ነው። በአውራጃው ውስጥ በጣት ፍጥነት የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ይህን ስናገር ትምክህት አይደለም፣ አብረውኝ የሠሩ ምስክር ናቸው።

ኮምፒውተሮቹ በጭነት መኪና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው መጡ። አንድ በጎ አድራጊ ነው የሰጣቸው ተባለ። ዳንቴል ሠርቼ አለበስኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ ግን ታመሙ፤ ፍላሽ የያዘ ሁሉ ከየኢንተርኔት ቤቱ ቫይረስ እየለቀመ ሲሰካባቸው፣ አንዷ ስትበራ ስትጠፋ፣ ሌላዋ የተጻፈባትን ስትበላ፣ በመጨረሻ ሁሉም ዳንቴላቸውን ለብሰው ተኙ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን መምህራንን ሰብስበው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ከደሴ የትምህርት መምሪያ ሰዎች እንደሚመጡ ነገሩን። የሚሠራ ማሽን ካገኙ እዚሁ ይተዉታል፣ የማይሠራውን ጭነው፣ አስጠግነው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጡታል። ወደ እኔም ዞር ብለው፣ ማሽኖቹ ከሄዱ የጸሐፊነት መደቡ ወደ መዝገብ ቤት ሊታጠፍ እንደሚችል በለሆሳስ ጨመሩ። መዝገብ ቤት ማለት ለእኔ አቧራ መጥረግ ነው። ጣቶቼ ምን ሊሠሩ ነው ብዬ ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ይህን ባሉን በሳምንቱ ይመስለኛል መምህር ሰይድ የመጣው። የኩታበር ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ የጅንስ ጃኬቱ ከትከሻው የሚሰፋ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። የያዘው አንድ ሻንጣ ነበር፤ ከሻንጣው ውስጥ በወረቀት የተለበጠች ሲዲ አወጣ። ኮምፒውተርን የምታንቀሳቅስ ፕሮግራም ናት፣ ሊኑክስ ትባላለች አለ። ዋጋ የላትም፣ መቅዳት አልተከለከለም፣ ውስጧንም ከፍቶ ያየ ሊያርማት ይችላል ሲል፣ የሒሳብ ሹሙ ሻዩን አስቀምጦ ነፃ የሚባል ነገር በዚህ ዓለም የለም፣ ካለም ተበላሽቶ ነው አለ። ሰይድ አልተቆጣም። ርዕሰ መምህሩን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ጊዜ ስጡኝ፣ ማሽኖቹን አስነሣለሁ፣ ካልሆነ በራሴ ትከሻ እጭናቸዋለሁ አላቸው።

እዚህ ላይ የኔታን ማስተዋወቅ አለብኝ። የኔታ ልሳነወርቅ መሪጌታ ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ ሆኜ አርፍጄ እያለከለክሁ ስደርስ «ደርሰሻል፤ አትቸኩዪ» ይሉኝ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ስለማርፈዴ በጭራቸው ጫፍ አንዴ ቸብ። ለሁሉም ሰው ይችው ነበረች ቃላቸው፤ ለሠርገኛም፣ ለገበያተኛም። ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ፤ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ቁጭ ብለው በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ያወጣሉ፣ ማወቃቸውንም ማንም እንዲረሳባቸው አይፈልጉም። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ጉባኤያቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ካስረከቡ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ የጽሕፈት ክፍሌ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሠርክ ሲደርስ ይሄዳሉ።

ሰይድ ሲዲዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጎረሳትም እሳቸው ባሉበት ነው። ማሽኗ ትንሽ አጉረመረመች፣ ያ ሽታ ወጣ፣ ስክሪኗም እንደኛው ጠይም ሆኖ በራ፤ ወዲያው ደግሞ እንደ ከበሮ ያለች ድምፅ አሰማች። የኔታ ከአግዳሚው ብድግ አሉና «ከበሮ ካላት የኛው ናት» አሉ። ከዚያም ሰይድን አንድ በአንድ ጠየቁት። ማን ሠራት? ብዙ ሰው፣ በየአገሩ ተቀምጦ። ማን ያርማታል? ያወቀ ሁሉ። የኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው ይህ ለእሳቸው አዲስ እንዳልሆነ ነገሩት፤ ድጓን የተማሩት ከመምህራቸው መጽሐፍ በእጃቸው ቀድተው ነው፣ ከእሳቸውም ሌላው ቀድቷል፣ የተሳሳተውንም አርሟል፣ ማንም ማንንም ዋጋ አልጠየቀም። ሰይድ «ወላሂ የኔታ፣ ይቺን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ የማይለያዩ ሆኑ፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ሻይ አይጠጣበትም።

የእኔ አጀማመር ግን አያኮራም። ኪቦርዱን እንደ ጽሕፈት መኪናዬ እየደበደብኩ ሰይድን አሳቀቅሁት። መስመር ባለቀ ቁጥር ደግሞ ግራ እጄ ሳላዘው ተነሥቶ የማሽኑን ክንድ ሊገፋ ሲል ስክሪኗን በጥፊ ይመታል። አንድ ቀን ሰይድ ጥቁር መስኮት ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ጻፊ አለኝ። ቃሉን ራሱ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጽፎት ነበር፤ እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ክፍት ነው ብሎ። ብመታ ብመታ ምንም አይታይም፤ ነጥብ እንኳ የለም። ኪቦርዱን ገደልኩት ብዬ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። «እትዬ ጥሩዬ፣ እየሰማችዎት ነው» አለኝ፤ «ሚስጥር ስለሆነ ነው ዝም ያለችዎት።» ሚስጥር ጠባቂ ማሽን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ወደድኳት። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ፣ ተሳስቼ፣ ያለ ፈሳሽ ያለ እፍ እፍ ስሕተቱን ሳጠፋው፣ ማንም ሳያየኝ ደጋግሜ እየተሳሳትኩ ደጋግሜ አጠፋሁ። እንዲህ ያለ ደስታ በሠርጌ ቀንም አልተሰማኝም ብል ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ይቀየመኝ ይሆናል።

ጾሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሁሉም ማሽኖች ተነሥተው ነበር። የሥነ ዜጋው መምህር በቫይረስ የሚታወቀውን ፍላሹን ሲሰካ፣ ሰይድ ቫይረሶቹን ጎተራ ውስጥ እንደ ሞተ አይጥ ተጋድመው አሳየን። ተማሪዎች በተራ እየገቡ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ከበሮው በየጠዋቱ ይመታል። የሒሳብ ሹሙ እንኳ ቀስ ብሎ ደመወዝ መክፈያውን በእሷ መሥራት ጀምሮ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት የእኔዋ ማሽን ከበሮዋን ሳትመታ ጥቁር ገጽ ላይ ቆመች። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጻፈችና፣ ከዚያ ሆዷን በሙሉ እየፈተሸች በመቶኛ ቀስ እያለች መቁጠር ጀመረች። ስትጨርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሁሉም እንዲሁ። ሰይድ ሲመረምር ሰዓታቸው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኘዋል። የውስጥ ባትሪያቸው አርጅቷል አለና በየጠዋቱ አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመረ። ከደሴ አዲስ ባትሪ በሹፌር አስመጣ፤ ባትሪው ገባ፣ ማሽኖቹ በማግስቱም ወደ ኋላ ተመለሱ። መልሶ አስመጣ። የሚኒባስ ረዳቶቹ የሰዓት ማሠሪያ ቤት ልትከፍት ነው ወይ እያሉ ይተርቡት ነበር። መምህራኑም ነፃ ነገር እንዲህ ነው ማለት ጀመሩ። ልጁ ከሳ። የኔታ ሲያዩት «ደርሰሃል፤ አትቸኩል» ይሉታል፣ እሱ ግን ሣቁ ጠፍቷል። እኔም ዳንቴሎቼን አጥቤ አስቀመጥኩ፤ ለጉዞ ይሆናሉ ብዬ።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። የደሴዎቹ ነገ ይመጣሉ በተባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሰይድ ከማሽኔ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የኔታ በአግዳሚያቸው ላይ ናቸው። ማሽኗ ምን እያለች እንደምትቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁት፤ እንግሊዝኛዬ እዚያ ድረስ አይሄድም። ሰይድ በድካም ድምፅ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈትኩት ገና ባልመጣ ዘመን ነው፣ ይህ ሊሆን ስለማይችል ሆዴን ልፈትሽ ነው የምትለው አለኝ።

የኔታ ጭራቸውን አቆሙ። «ወደ ኋላ የምትመለሰው በስንት ነው?» አሉት።

ሰይድ ቆጠረ። «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይሆናል፣ የኔታ።»

የኔታ ፊታቸው በራ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ምን እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ ሳይቆጥሩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በኩራት ተስተካክለው ተቀመጡና «እሱማ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» አሉ። «በኢትዮጵያ ምድር ተቀምጣ የፈረንጅ ዓመት ስትቆጥር ዝም ብዬ ልይ? አገር የገባ እንግዳ የአገሩን ቀን ይያዝ። ጥሩዬ ወረቀት ልታደርስ ወደ ቢሮ ስትወጣ፣ አንተም ክፍል ስትገባ፣ አንዳቸውንም አልዘለልኩም። አሠራሩን ካንተ እጅ አይቼ፣ የይለፍ ቃሉንም ከግድግዳው እያየሁ ነው። በማግስቱ ስመጣ ግን ሁሉም ወደ ፈረንጁ ተመልሰው አገኛቸዋለሁ፤ ልባቸው ደንዳና ነው ብዬ ነበር።»

ሰይድ በየጠዋቱ ወደ ፊት፣ የኔታ በየሰዓት በኋላው ወደ ኋላ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ በሁለት ጫፍ ሲጎትቱ፣ መሀል ላይ ያለችው ምስኪን ሆዷን ስትፈትሽ ከርማለች። «የኔታ፣ አላህ ይይልዎት» አለ። የኔታም «ይየኝ፤ ግን ዓመቱ ስንት ነው?» አሉት። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደሣቀ አላስታውስም። ሰይድ ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ ስቆ፣ ስክሪኗ በሙሉ በ«ሰ» ተሞላ። እኔ ጎኔን ይዤ ወጣሁ። ዘበኛው ሰው ሞተ ወይ ብሎ ሮጦ መጣ።

ግን የኔታ ግትር ናቸው። ሐሰት ከምትናገር ማሽን አጠገብ አልቀመጥም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ሰይድ ቃል ገባላቸው። የውስጥ ልቧ እንደ አመጣጧ ይሁን፣ ሌላው ዓለም ከእሷ ጋር የሚግባባው በዚያ ነው፤ ፊቷን ግን እኛው እናበጅላታለን፤ ክፍት ስለሆነች ማንም አይከለክለንም፤ የደሴዎቹ ተመልሰው እስኪሄዱ ብቻ እጅዎን ይሰብስቡልኝ አላቸው። የኔታ እሺም እምቢም አላሉም። ሰይድ በዚያው ከሰዓት ሁሉንም ለመጨረሻ ጊዜ አስተካክሎ፣ ከፍቶ ዘግቶ ፈትሾ ሄደ።

በማግስቱ ከበሮዎቹ ተከታትለው መቱ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጠዋት ትምህርት ቤቱ አይቶ አያውቅም። የደሴው ኃላፊ ኮት የደረቡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ እያንዳንዷን ማሽን አስከፈቱ፣ አዘጉ፣ መልሰው አስከፈቱ። እኔን ጻፊ አሉኝ። ፍቅር ሲበዛ ይሁን ፍርሃት፣ መስመሩ ሲያልቅ እጄ ተነሥቶ ስክሪኗን በጥፊ አላት፤ ሰውየው ሳቁ፣ ነገሩ ላላ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የስክሪኑን ጥግ አዩና «ሰዓቷም ልክ ናት» አሉ።

ሰይድ አየኝ፤ እኔ የኔታን አየሁ። የኔታ ሳይጠሩ መጥተው አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጭራዋ ከፍ አለች። እመቤቴ ሆይ ዛሬን ብቻ አልኩ በሆዴ። የኔታ ጭራቸውን ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ዝም አሉ። በሰባ ዘመናቸው ስለ ዓመት ቁጥር ዝም ያሉት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል፤ ለሰይድ ሲሉ፣ ለእኔ ጣቶችም ሲሉ። ማሽኖቹ ቀሩ። መደቤም አልታጠፈም፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ ጣቶቼ ሥራ አልፈቱም።

በዚያ ክረምት ሰይድ አገሩ አልሄደም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የኔታ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ይናገራሉ፣ ሰይድ ይጽፋል፣ ሲሳሳት ይገሠጻል። መጥቅዕና አበቅቴ የሚባሉት የባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች ምን ነገር ናቸው፣ እኔ ቁርአን ቤት አልተማርኳቸውም እያለ ያማርራል፤ ግን ገባው። ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ መስኮት ተሠራች፤ ዕለቱን በእኛው አቆጣጠር ትነግራለች፣ ጾሙን፣ በዓሉን። የኔታ አይተው የእናንተንም ጨምርበት፣ ጎረቤት ሳይበላ የሚከበር በዓል የለም ብለው ሰይድን ዒዱንም መውሊዱንም አስጨመሩት። ስማቸው ይጻፍ ሲባል ግን እምቢ አሉ፤ ድጓው ላይ የመምህሬ ስም አለ ወይ ብለው። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። መስኮቷ ስትከፈት ያችን ቃላቸውን ትበል፤ ግን ማሽን ፊቷ ማን እንደተቀመጠ ስለማታውቅ፣ ሕፃንም ይሁን ሹም፣ ሁሉንም በአክብሮት «እርስዎ» ትበል አሉ። ሰይድም እንደ ቃላቸው አደረገ። ከዚያ በፍላሽም በሲዲም በየሚኒባሱ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ ኩታበር ለሚያውቃቸው መምህራን ላከ። ረዳቶቹ ለዕቃዋ ዋጋ አልጠየቁትም፤ ነፃ ነገር አይከፈልበትም ብለው ነው።

የኔታ ጥቂት ዓመት ቆይተው በሰላም አረፉ። ሰይድ ተዛውሮ ሄደ፤ አሁንም ለፋሲካ እሱ ይደውልልኛል፣ ለዒድ እኔ እደውልለታለሁ። በኋላ ጦርነት በመጣበት በዚያ ክፉ ጊዜ ማሽኖቹም የት እንደገቡ አልታወቀም፤ የቀረኝ አንድ ዳንቴል ነው። ያቺን መስኮት ካየኋት ብዙ ዘመን ነው። ከማሽኖቹ ጋር አብራ የጠፋች ነበር የሚመስለኝ።

«ተነሣችልን እማማ» አለችኝ ባለ ሹሩባዋ። ዓይኔን ገለጥኩ። አሮጌ ማሽን አዲሶቹን ፕሮግራሞች ስለማይችል ሊኑክስ ነው የጫንኩባት አለች፤ ወረኢሉ ኮምፒውተር ያስተማረቻት ሴት እንዲህ አሳይታት ነው። መታወቂያዬን ተቀብላ ስታስተካክል እኔ ስክሪኑን አየሁ። ጥጉ ላይ ትንሽ መስኮት ተከፈተች። ዕለቱ፣ ወሩ፣ ዓመቱ፣ በእኛው። ከሥሩም፦

«ደርሰዋል፤ አይቸኩሉ።»

ይህን ማን ጻፈው አልኳት። ልጅቱ ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔንጃ እማማ። ከመምህሬ ነው የቀዳሁት፣ እሷም ከሰው ነው የቀዳችው። ሁሌም እንዲህ ትላለች። ደስ ስለምትለኝ አላጠፋኋትም።»

ውጭ ረዳቱ አሁንም «አንድ ሰው ቀረን» ይላል። ያ የቀረው ሰው እኔ ነኝ፤ ሻንጣዬም ወንበር ይዞልኛል። እኔ ግን «ልጄ፣ ወንበር አለሽ?» አልኳትና ከስክሪኑ ፊት ለፊት፣ ከየኔታዬ ፊት ለፊት፣ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።